አንድ ሜትር እንጨት በጨፋ ሮቢት

ምድር በራሷ ዛቢያ ስትሽከረከር ቀንና ሌሊት፣ በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ዓመትና ወቅቶች እንደሚፈራረቁ ትምህርት ቤት የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ሳይደናቀፍ በቃሉ ይወጣዋል። "እሺ፣ ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ደጅህ ብትቆም ጥላህ ወደየት ይወድቃል?" ቢሉት ግን አብዛኛው ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔም አንድ ጊዜ ተጠይቄ ሰማይ ሰማይ አይቻለሁ። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ላይ የነበረው የምድርና የፀሐይ ሥዕል ስሕተት የለበትም፤ የተሣለው ግን በረዶ ለሚጥልበት አገር ልጅ ነው። ለጨፋ ልጅ ሥዕሉን የሚስልለት ከደጁ የሚተከል እንጨት ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ያሰላሁት ለጨፋ ሮቢት ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ትንሽ አለፍ ብላ ትገኛለች። ከሚሴም ሆነ ሰንበቴ ያለ ሰው እንዳለ ይጠቀምበት። በስም የምትምታታው ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው እንኳ ከአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ አይሳሳትም።

መጀመሪያ፦ እንጨቱን መትከል

ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይከለከልበት፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ይምረጡ። መሬቱን ይደልድሉ፤ ውሃ ልክ ካለዎት ይለኩት፤ ከሌለዎት ሰፋ ባለ ትሪ ውሃ አድርገው ወዴት እንደሚያዘነብል ይዩ። ከዚያ ከመሬት በላይ ልክ 100 ሳንቲ ሜትር የሚቀር ዘንግ ይትከሉ። የማሽላ አገዳ እንደልብ ስለሆነ እጅዎ ወደዚያ ይሄድ ይሆናል፤ ይቅርብዎ። አገዳ ይጎብጣል፤ የእኔን ደግሞ በሦስተኛው ቀን ፍየል በላችው። ቁራጭ ፌሮ ወይም የመጥረጊያ እጀታ ይሻላል። ክር ላይ ጠጠር አስረው ቱንቢ ይሥሩና ዘንጉ በሁለት በኩል ቀጥ ማለቱን ያረጋግጡ። ትንሽ ካዘመመ በኋላ የሚለኩት ሁሉ ከእሱ ጋር ያዘማል።

ቀጥሎ ገመድ ከዘንጉ ሥር አስረው 80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ መሬቱን እየጫሩ ክብ ይሥሩ። ጠዋት ጥላው ከክቡ ውጭ ነው። እያጠረ ይመጣና እንደ ወሩ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፉ ክቡን ይነካል። እዚያች ላይ ሚስማር ይምቱ። ከሰዓት በኋላ ጥላው መልሶ ሲረዝም ክቡን በሌላ በኩል ይነካል፤ እዚያም ሚስማር። ሁለቱን ሚስማሮች በክር አያይዘው የክሩን እኩሌታ ይፈልጉ፤ ከእኩሌታው እስከ ዘንጉ ሥር ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያስረዝሙትና በኖራ ይቀቡት።

ይህ መስመር ሰሜንና ደቡብ ነው። እዚህ አገር ግን ሌላም ስም አለው፤ ቂብላ ነው። ጨፋ ሮቢት በ40ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ጥግ ላይ ናት፤ መካም እንዲሁ። አንዷ ከሌላዋ በላይ ቀጥ ብላ ስለተቀመጠች ከጨፋ ወደ ካዕባ የሚወስደው አቅጣጫ ሰሜን ነው፤ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ አይሞላም። አቅራቢያዎ ካለው መስጊድ ሚህራብ ጋር ያስተያዩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉም ቦታ እንዲህ አይገጥምም፤ ለምሳሌ የጋምቤላ ሰው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ዘወር ማለት አለበት።

ቀን፦ ጥላው ሲሄድ የሚሄደው ማን ነው?

የጥላውን ጫፍ በየ10 ደቂቃው በጠጠር ምልክት እያደረጉበት አንድ ሰዓት ይቀመጡ። ጠጠሮቹ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሰለፋሉ። ፀሐይ የሄደች ይመስላል፤ የሄዱት ግን እርስዎ፣ ዘንጉና ጨፋ ሜዳ በሙሉ ናችሁ። ምድር በምትሽከረከርበት ፍጥነት ጨፋ በሰዓት 1,640 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትበርራለች። አይሰማንም፤ አየሩም የቦርከና ወንዝም ከብቱም አብሮን ስለሚሄድ።

ጥላው በኖራው መስመር ላይ በሚያርፍበት ቅጽበት ስልክዎን ይዩ። 6 ሰዓት አይልም። በአማካይ 6 ሰዓት ከ20 ነው። መንግሥት ለመላ አገሪቱ የመረጠው ሰዓት የተለካው በ45ኛው ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ያ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በዋርዴር አቅራቢያ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ እኛ ከመስመሩ በስተምዕራብ 5 ዲግሪ ስላለን ፀሐይ 20 ደቂቃ ዘግይታ ትደርስልናለች። የመስጊድ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ የዙሁር ሰላት የሚገባው ጥላው ከዚህ መስመር ዘንበል ማለት ሲጀምር እንጂ ሰዓቱ 6 ሲል አይደለም። የአስር ሰላትም ቢሆን የጥላ ነገር ነው። ጥላው የዘንጉን ቁመትና የእኩለ ቀኑን ትራፊ አንድ ላይ ሲያክል በሻፊዒዎች ዘንድ የአስር ሰዓት ገባ ይባላል።

በዓመቱ ውስጥ እኩለ ቀን ራሱ ወዲያና ወዲህ ይላል። በጥቅምት መጨረሻ 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ገደማ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6 ሰዓት ከ35 ላይ ይውላል። ዘንግዎ ወይም ስልክዎ የተበላሸ እንዳይመስልዎ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትጓዝበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ፍጥነቷ ከወር ወር ይለያያል፤ ዘንበል ማለቷም ሌላ ልዩነት ይጨምርበታል።

ከወር እስከ ወር፦ ጥላውን መመዝገብ

አሁን የትዕግሥቱ ሥራ መጣ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጥላው መስመሩን ሲነካ፣ ርዝመቱንና አቅጣጫውን ደብተር ላይ ይጻፉ። ከታኅሣሥ 12 ከጀመሩ ጥላው ወደ ሰሜን 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በዓመቱ ረጅሙ የእኩለ ቀን ጥላ። መጋቢት 11 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት ሲስተካከሉ፣ 19 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሚያዝያ 10 ገደማ ይጠፋል። እውነት ይጠፋል፤ ዘንጉ ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ትቀራለች፤ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ቢያዩ ፀሐይ ከታች ትስቅብዎታለች። በዚያ ሳምንት ልጆችን ጠርቶ ማሳየት ነው፤ ጥላ የሌለው ሰው ያየ ልጅ አይረሳውም።

ከዚያ በኋላ ጥላው በሌላ በኩል፣ ወደ ደቡብ፣ ብቅ ይላል። እያደገ ሄዶ ሰኔ 14 ላይ 23 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ተመልሶም ነሐሴ 19 አካባቢ ሁለተኛ ይጠፋል። ይኸኛውን ግን የነሐሴ ደመና ከፈቀደ ነው የሚያዩት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት ማለት ነው። የመጽሐፉ ሥዕል ይህን አይነግርዎትም፤ አውሮፓ ውስጥ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን እንጂ ወደ ደቡብ አይወድቅምና።

ቀኖቹ ከዓመት ዓመት በአንድ ቀን ይንሸራተቱ ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግሥት በተለይ። አንድ ቀን የጥላውን ርዝመት ብዙም ስለማይለውጠው አይጨነቁ።

ጠዋት የሚነሡ ከሆኑ ሌላም መንገድ አለ። ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ፣ ፀሐይ ከምሥራቁ ተረተር በየትኛው ጉብታ ወይም ዛፍ ላይ እንደምትወጣ በየሁለት ሳምንቱ ያስታውሱ። ክንድዎን ዘርግተው ቡጢ ሲጨብጡ ቡጢው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በታኅሣሥና በሰኔ መውጫዎች መካከል አምስት ቡጢ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ርቀት ያገኛሉ። በግዕዝ ሙሉ ሆኖ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት በሮች እየተዘዋወረች ትወጣለች ይላል፤ ያየው ይህንኑ ነው። በዚያው ምዕራፍ ረጅሙ ቀን የሌሊቱ እጥፍ ይሆናል የሚለው ግን ከእኛ ሰማይ አይገጥምም፤ እንዲያ የሚሆነው ፓሪስ አካባቢ ነው። ጨፋ ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከጠዋት አንድ ብለን መቁጠር የቻልነውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አትርቅም። ስቶክሆልም ያለ ዘመድዎ በዚህ አቆጣጠር ልኑር ቢል ሰኔ ላይ 18 ሰዓት የበለጠ ቀን፣ ታኅሣሥ ላይ 6 ሰዓት ብቻ ይገጥመዋል።

ብርቱካን፣ ቅርንፉድና ስንጥር

ጥላው ለምን እንዲህ እንደሚመላለስ ለማየት ማታ መብራት ሲጠፋ ይጠቀሙበት። (መብራት እስኪጠፋ ብዙ አይጠብቁም።) ኩራዝ ወይም ሻማ ክፍሉ መካከል ወለል ላይ ያስቀምጡ፤ ይህች ፀሐይ ናት። ብርቱካን በስንጥር ከላይ እስከ ታች ይውጉ፤ ስንጥሩ ዛቢያ ነው። ከብርቱካኑ ወገብ ትንሽ ከፍ አድርገው አንድ ቅርንፉድ ይሰኩ፤ ጨፋ ሮቢት ናት።

መጀመሪያ አንድ ቦታ ሆነው ብርቱካኑን ከመብራቱ ትይዩ ያሽከርክሩ፣ ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ። ቅርንፉዱ ወደ ብርሃን ሲገባ ጠዋት፣ ሲወጣ መግሪብ።

አሁን ስንጥሩን ያዘንብሉት። ምን ያህል? የወረቀት ጥግ ወስደው ሁለት ጊዜ ይጠፉት፤ 90 ዲግሪው መጀመሪያ 45፣ ከዚያ 22 ተኩል ይሆናል። የምድር ማዘንበል 23 ዲግሪ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለሆነ ወረቀቱ በቂ ነው። ቀጥሎ የሚሳሳቱበት ቦታ መጣ፦ መብራቱን ሲዞሩ ስንጥሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ የቤቱ ጥግ እንደጠቆመ ይቆይ፤ ከእርስዎ ጋር አይዙር። ልጆች ሁሉ፣ አስተማሪም ሳይቀር፣ ስንጥሩን ወደ መብራቱ እንዳዘነበለ ይዘውት ይዞራሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ወቅት የሚባል ነገር አይኖርም።

ለእውነተኛዋ ምድር ይህ ጥግ በሰማይ ላይ አለ። የሰሜን ኮከብ ነው። ማታ በኖራው መስመር ላይ ቆመው ወደ ሰሜን ይዩ፤ ኮረብታ ካልጋረደዎ ከአድማስ አንድ ቡጢ ከፍ ብሎ ደብዘዝ ያለ ኮከብ ያገኛሉ። ሌሎቹ ሲዞሩ እሱ ንቅንቅ አይልም። ከአድማስ አንድ ቡጢ የሆነው እኛ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል ስለምንርቅ ነው፤ ስቶክሆልም ላይ ወደ ስድስት ቡጢ ይወጣል።

ክፍሉን ሲዞሩ ስንጥሩ በአንድ ወገን ወደ መብራቱ ያዘነብላል፤ ያ ሰኔ ነው፤ ቅርንፉዱ ከብርሃኑ እምብርት አልፎ ወደ ደቡብ ወርዷል፣ ብርሃኑ ከሰሜኑ ይመጣበታል። ተቃራኒው ወገን ታኅሣሥ ነው። በመካከል ብርሃኑ ቀጥታ ቅርንፉዱ ላይ የሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሚያዝያና ነሐሴ።

ወቅትን የሚያመጣው የፀሐይ ርቀት ነው የሚል ሙግት ከተነሣ በቁጥር ይዝጉት። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የፈረንጆቹ ጥር እንደገባ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ 152 ሚሊዮን። ደጋው ውርጭ የሚያጋግረው እንግዲህ ምድር ለእሳቱ በቀረበችበት ሰሞን ነው።

ግንቦት 20፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18

ይህችን ቀን ከሁሉ ይልቅ እወዳታለሁ። በየዓመቱ ግንቦት 20 ገደማ ፀሐይ ከካዕባ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ መካ ውስጥ በዚያ ቅጽበት ምንም ጥላ የለም። የሳዑዲ ሰዓትና የእኛ አንድ ስለሆነ ቅጽበቱ በስልክዎ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። የትም አገር ሆኖ ፀሐይ የምትታየው ሰው በዚያች ደቂቃ ፊቱን ወደ ፀሐይ ቢያዞር ቂብላን አገኘ። የእርስዎ ዘንግ ጥላ ደግሞ በኖራው መስመር ላይ ወደ ደቡብ ይተኛል፤ ሲለኩት 19 ሳንቲ ሜትር።

19 በ100 ማለት ወደ 10.8 ዲግሪ ነው፤ ስልክዎ ላይ ያለው ካልኩሌተር ያወጣልዎታል። ከጨፋ እስከ መካ ቀጥታ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 360ን ለ10.8 አካፍለው በ1,200 ያባዙ። 40,000 ኪሎ ሜትር፦ የምድር ዙሪያ። ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ ይህንኑ አድርጓል፤ እሱ ፀሐይ እስከ ውሃው ድረስ የምትዘልቅበትን የአስዋንን ጉድጓድ ይዞ እስክንድርያ ላይ ጥላ ለካ። እርስዎ ካዕባን ይዘው ጨፋ ላይ ለኩ።

ሐምሌ 9 ገደማ፣ 6 ሰዓት ከ27 ላይ፣ ፀሐይ ተመልሳ በካዕባ አናት ታልፋለች። የጨፋ ሐምሌ ግን ለፀሐይ ሙያ አይመችም።

ታዲያ ዝናቡ?

እዚህ ላይ የመጽሐፉ ሥዕል ፈጽሞ ጥሎን ይሄዳል። ተማሪው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ "ሰመር" እንደሆኑና ሰመር ሞቃት እንደሆነ ይማራል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ፀሐይ በሚያዝያ ከእኛ በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ስትሄድ ምድሩ ይግላል፤ የጋለው አየር ይነሣል፤ በስተኋላው ከውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል እርጥብ ነፋስ ይሳባል። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ይከተላል፤ ነገር ግን እንደ ሽማግሌ ከኋላ፣ ወር ከዚያም በላይ እየዘገየ። ለዚህ ነው ጨፋን የሚያቃጥላት ዝናቡ ሳይገባ በግንቦትና በሰኔ የሆነው፤ ሐምሌ ላይ ደመናው ራሱ ጥላ ይሆንልናል። የወሎ ገበሬ በልግ የሚለው የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ደግሞ በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ ነው፤ ከክረምቱ ይልቅ እሱ አይታመንም።

ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትመለስ መቀነቱም አብሯት ይወርዳል። ቆላው ይደርቃል፣ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ቦርከና ወደሚያረጥበው የጨፋ ረግረግ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ወደ ዘንግዎ ሄደው ቢለኩ ጥላው ወደ ሰሜን 60 ሳንቲ ሜትር አልፏል።

በወቅቶች ስም አይከራከሩ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መስከረም 26 መጸው፣ ታኅሣሥ 26 በጋ፣ መጋቢት 26 ጸደይ፣ ሰኔ 26 ክረምት ይገባል፤ ብዙ ሰው ግን ጸደይ የሚለው የአደይ አበባውን ወቅት ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ክረምቱ "ገና" ይባላል፤ ድምፁ ከልደት በዓል ጋር አንድ፣ ጊዜው ተቃራኒ። ልጅዎ "ገና ላይ ለካሁ" ካለ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ይጠይቁ።

ዓመት በሁለት ቆጠራ

አንድ ዙር 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በትርፏ ሰዓት ምክንያት ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች፤ በ2015 ሆናለች፣ በ2019 ትደግማለች። የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚሄድ 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ጋር ውል የለውም። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል፤ በ2008 ሰኔን ይዞ ነበር፣ በ2018 የካቲት ውስጥ ገባ። ደብተርዎ ላይ ሁለቱንም ቀን ይጻፉ፤ ጥላው ለየትኛው እንደሚታዘዝ በሁለተኛው ዓመት ይታይዎታል።

ዘንጉን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሥሩን በድንጋይ ያጥብቁት። ጭቃው ሲላላ ያዘማል፤ መስከረም ላይ ቱንቢውን ይዘው እንደገና ያቅኑት። ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩት፤ ፌሮውን ፍየል ባትበላው እንኳ ትታከክበታለች።